አጃቢ ሆና የሄደችው ቁንጫ

በዚያ ቤት አጭር ሰው አልነበረም። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ወንበራቸውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተውትም ጉልበታቸው ከመሪው ጋር ይጣላል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከላይኛው መደርደሪያ ጨርቅ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥተው አያውቁም። ትልቋ ልጃቸው ደግሞ ገና ትምህርት ሳትጨርስ በር ስትገባ ጎንበስ ማለት ለመደች። ከዚህ ሁሉ ዝሆን መሐል አንዲት ታናሽ ልጅ ነበረች፤ እሷ ግን ካደገች በኋላም ራሷ ከእናቷ ትከሻ አላለፈም።

«ቁመቱ እዚያ ላይ አለቀ» ይሉ ነበር አባትየው ወደ ትልቋ እያመለከቱ። «ለዚች የተረፈው ምላሱ ብቻ ነው።»

እውነትም ምላሱ ተርፏት ነበር። ከእንቅልፏ ስትነቃ ካቆመችበት ዓረፍተ ነገር ትቀጥላለች ይባልላታል። የሰፈሩ ሰው ቁንጫ ይላት ጀመር። ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ የያዘችውን አትለቅም፣ ስትነክስም እንቅልፍ ትነሳለች። እሷ በስሙ አልተቀየመችም፤ እንዲያውም በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ማንን እንደሆነ ዞር ብላ ታይ ነበር።

አንድ ቀን የክር ፋብሪካው የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሞ ሳለ ከወረፋው በላይ ብቻዋን የወጣች ጭንቅላት አየ። ትልቋ ልጅ ነበረች። ተከትሏት መጣና በሩን አንኳኳ። እናትየው ለጋብቻ የመጣ መስሏቸው ወንበር ጠረጉለት፣ ሻይ ቀዱለት። ለኳስ መሆኑን ሲሰሙ ሻዩን መልሰው አላነሱትም፤ ስኳሩን ግን አነሱት።

«ቁመቷ እኮ ሀብት ነው፣ እናቴ» አላቸው። «ፋብሪካው ሥራም ይሰጣታል።»

ሥራ የሚለው ቃል ሲነሳ ስኳሩ ተመለሰ። እናትየው አሰቡ፣ አሰቡና «ይሁን፤ ግን ብቻዋን አትሄድም» አሉ። «ታናሿ ታጅባት።»

ትልቋ እህት አልተቃወመችም፤ ተቃውሞ ራሱ ድካም ነው። እርጋታዋ ከቁመቷ አይተናነስም። መሮጥ ለዘገየ ሰው የተፈጠረ፣ ላብም የሌሎች ሰዎች ችግር ይመስላት ነበር። አሰልጣኙ ገና ልምምድ ሳትጀምር ምሰሶ ብሎ ስም አወጣላት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ስሙ ምን ያህል እንደገጠማት ሲያይ ራሱ ደነገጠ። ከቅርጫቱ ሥር ያቆማታል፣ እሷም ትቆማለች፤ በቃ። ኳስ ሲወረወርላት እንደ ሕፃን በእቅፏ ተቀብላ ለማን እንደምትመልስ ትፈልጋለች።

አጃቢዋ ደግሞ ጥግ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይነካ ተቀምጣ የመጣችበትን ሥራ ትሠራለች፤ ማለትም ትናገራለች።

«እትዬ፣ ኋላሽን! ኋላሽን እኮ ነው የምልሽ! … አይ፣ እሷ ወደ ቀኝ ልትሄድ ነው፣ ትከሻዋን አታዪም? … ሄደች! አላልኳችሁም?»

አሰልጣኙ ለጥቂት ቀን ቻለ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

«አጃቢዋ፣ አንቺን የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።»

«እንዲያ ከሆነ ግቢና አሳዪን!»

አሰልጣኙ ሊያሳፍራት ብሎ ነበር። ቁንጫ በላስቲክ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ እያለች ገባች። አምበሏ ኳሱን እያነጠረች መጣች፤ ከእሷ እጅ ወደ መሬት የሚሄደው መንገድ ግን ረጅም ነበር፤ ቁንጫ ደግሞ ኑሮዋ ሁሉ በዚያ መንገድ አካባቢ ነው። ኳሱን ከመሐል ቀምታ ሄደች። «ድንገት ነው» አሉ። ደገመችው። በሦስተኛው አሰልጣኙ ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ መንፋቱን ረሳ።

«የእግርሽ ቁጥር ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሠላሳ አራት።»

«የሕፃናት ጫማ መሸጫ መሄዳችን ነው» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ማታውኑ ቤት ድረስ መጥቶ ለእናትየው ዜናውን ነገራቸው። «ትልቋን መሐል አጥቂ፣ ትንሿን ጋርድ አድርጌያቸዋለሁ።»

«ጋርድ?» አሉ እናትየው መቀሳቸውን አስቀምጠው። «ይቺን ነው ዘበኛ ያደረግሃት? ሌባ ቢመጣ ማን ያያታል?»

«ዘበኛ አይደለም፣ እናቴ። ኳሱን ይዛ የምትመራ፣ ማን የት እንደሚቆም የምትናገር፣ ለሌሎቹ የምታከፋፍል ናት።»

«አሃ! የምታዝ በለኛ። እሱንማ ስትወለድ ጀምራለች።»

በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ተቀጠሩ። ምሰሶን መጋዘን ውስጥ አደረጓት፤ ጥጥ በየእስሩ ተደርድሮ ስለሚቆም የምትደገፈው አላጣችም። ቁንጫ የክር መጠቅለያው አዳራሽ ገባች። እዚያ መኪናው ሲጮህ ሰው የገዛ ሐሳቡንም አይሰማም፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር በረድፉ መሐል ሮጣ ሄዳ ትቋጥራለች፤ ሳትጨርስ በሌላ በኩል ይበጠሳል። እግሯን ያሠራት አሰልጣኙ ሳይሆን ያ አዳራሽ ነው ትላለች። ጉሮሮዋንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ «ጨው አቀብሉኝ» ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣ ጀመር።

ሜዳ ላይ ሁለቱ እህቶች አንድ ላይ ሲሰለፉ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። ምሰሶ ለሌላ ሰው የማትገኝ፣ ለታናሿ ግን ሁልጊዜ የምትገኝ ሆነች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ አልጋ ነው ያደጉት። ቁንጫ እህቷ በየት በኩል እንደምትገላበጥ፣ ከመገላበጧ በፊት የትኛውን ትከሻ እንደምታነሳ፣ ክርኗ መቼ እንደሚመጣ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ካላወቀች ከአልጋ ትወድቅ ነበርና።

መጀመሪያ የለበሱት የወንዶቹን አሮጌ ማልያና ቁምጣ ነው። ለምሰሶ ልክ ሆነላት፤ ለቁንጫ ግን ቁምጣው ሱሪ፣ ማልያው ቀሚስ ሆነ። እናትየው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ለጨዋታ ተጋብዘው ወደ ስፖርት አዳራሹ ሲመጡ ነው። ልጆቻቸው አሸነፉ ተሸነፉ አልጠየቁም። ጨዋታው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ሄዱና የቁንጫን ቁምጣ ጠርዝ ገልብጠው አሳዩት።

«ይህን የሰፋው ሰው እጁ ይቆረጥ አልልም» አሉ። «መርፌው ግን ይሰበር።»

በሳምንቱ ለቡድኑ በሙሉ አዲስ ልብስ ሰፉ። ቁምጣው ከላይ ጠበቅ፣ ከታች ለቀቅ ያለ፣ ስትሮጪ የማይከለክል፣ ስትወድቂ የማያጋልጥ ነበር። ወሬው ተዛመተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሎች ቡድኖችም ይመጡ ጀመር፤ በመጨረሻ ሳሙናዎቹ ራሳቸው መጡ። ሳሙናዎቹ የሚባሉት የሳሙና ፋብሪካው ልጆች ናቸው፤ ተይዘው አይያዙም፤ ዋንጫውን ወስደው ወስደው ጠግበውታል።

«እማዬ፣ ለጠላት ልትሰፊ ነው?» አለች ቁንጫ።

«ጠላት ወገብ የለውም?» አሉ እናትየው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ። «ወገብ ያለው ሁሉ ደንበኛዬ ነው።»

የሳሙናዎቹ ጋርድ ጅራፍ ትባላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጇ ከየት እንደመጣ የማይታይ። ቁንጫና እሷ ሜዳ ላይ ሲገናኙ የሚሰማው የኳስ ድምፅ ሳይሆን የቁንጫ ድምፅ ነበር። «ደከመሽ አይደል? አየሁሽ እኮ። ውሃ ጠጪ። በግራ አትሂጂ፣ በግራ ትወድቂያለሽ። ፀጉርሽን ማን ነው የሠራልሽ? ጎበዝ ናት…» ጅራፍ አትመልስላትም፤ ጥርሷን ነክሳ ትጫወታለች።

የክር ፋብሪካው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ የደረሰ ዕለት ይህ ምላስ ጉድ ሠራ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ክሮቹ፣ ማለትም የክር ፋብሪካው ልጆች፣ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ ኳሱ በቁንጫ እጅ ነው። ይዛ ብትቆይ እንኳ አለቀ። ጅራፍ በትከሻዋ ነካ አደረገቻት። ዳኛው ዝም አለ። እዚህ ላይ ቁንጫ ኳሱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ዳኛው ዞረች።

«አላየህም? ዓይንህን የት ነው የተውከው? ቤት ነው? ልላክና ላስመጣልህ?»

ገና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ጅራፍ ከኋላዋ መጥታ ኳሱን ከብብቷ፣ ሰው ከራሱ መደርደሪያ ዕቃ እንደሚያወርድ፣ ቀስ ብላ ወሰደች። ሄዳ አገባች። ቁንጫ ክንዷ አሁንም እንደታጠፈ ነበር። ፊሽካው ተነፋ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ምሰሶ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ቁንጫ የተኛች መሰላት።

«እትዬ፣ ተነሽ፣ እንሂድ።»

ፎጣው ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ የመጣው ግን ማንኮራፋት አልነበረም።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለች ቁንጫ ግራ ገብቷት። «አንቺ ግድ ይልሻል?»

ምሰሶ ፎጣውን ገለጠች። ዓይኗ ቀልቷል። «ታዲያ ለምን የምመጣ መስሎሽ ነበር?»

«እኔ እንጃ… እማዬ ስላለች።»

«ይኸው ስንት ዓመት እዚያ ሥር ቆሜ እገፋለሁ፣ እረገጣለሁ። ክርን የማይገባበት ጎን የለኝም። ዝም እላለሁ እንጂ አልፈልግም ያልኩ ቀን አለ? አንቺ ደግሞ ዋንጫችንን ይዘሽ ቆመሽ ታወሪያለሽ!»

ከተወለደች ጀምሮ እህቷ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። ማታ አልጋቸው ላይ ምሰሶ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ ያን ያህል ሰፊ ጀርባ ሲሰጥ ደግሞ ግንብ ነው።

ጠዋት ቁንጫ አሰልጣኙን ፈልጋ ሄደች። «ጋሼ፣ ዝም ማለት አስተምረኝ።»

«ምላስሽን ማሰር አልችልም» አለ አሰልጣኙ። «ማርጠብ ግን እችላለሁ።»

ዘዴው ይህ ነበር። ልምምድ ሲጀመር አፏን ሙሉ ውሃ ትይዛለች። እስከ ዕረፍት ድረስ ሳትውጥ፣ ሳትተፋ ትጫወታለች። ከዋጠች ሜዳውን ትዞራለች፣ እንደገና ትሞላለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈችው በመዞር ነው፤ ሆዷ እንደ ጀሪካን እየተንቦጫረቀ። ጓደኞቿ ሊያስቋት በየመንገዱ ይሸምቁ ነበር፤ አንዴ ምሰሶ፣ ያች የማትናገረው ምሰሶ፣ የዳኛውን አረማመድ አስመስላ አለፈችና ቁንጫ የያዘችውን ሁሉ አሰልጣኙ ፊት ላይ ለቀቀችው። ፊቱን ጠርጎ «ዙሪ» አላት።

ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ታወቃት። ስትናገር የማታያቸው ነገሮች ነበሩ። ዝም ስትል ሜዳው ሰፋ። የማን እግር እንደደከመ፣ ማን ኳስ እንደፈራ፣ ማን ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ሁሉም ራሱ ይናገር ነበር፤ ለካ ስታቋርጠው ኖራለች።

በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ውሃ መያዝ አይቻልምና የማልያዋን አንገትጌ መንከስ ጀመረች። እናትየው ልብሱ ሲመለስላቸው «ይቺ ልጅ ጥርስ ልታወጣ ነው ወይስ አይጥ ነው?» እያሉ አንገትጌውን በየጨዋታው ይቀይራሉ።

በዓመቱ ክሮችና ሳሙናዎች ለፍጻሜ ተገናኙ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እናትየው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው በሁለቱም ቡድን ልብስ ላይ የገዛ እጃቸውን ሥራ ያያሉ፤ ማንም ቢያሸንፍ ዋንጫው የሚነሳው በእሳቸው ስፌት ነው። ጨዋታው ተጀመረ። ጅራፍ ለምላሱ ተዘጋጅታ መጥታለች፤ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። አልመጣም። ቁንጫ አንገትጌዋን ነክሳ ዝም ብላ ታያታለች።

«ዛሬ ምነው?» አለች ጅራፍ ከብዙ ትዕግሥት በኋላ።

ዝም።

«ተጣላን እንዴ?»

ዝም። ቁንጫ ኳሱን ቀማቻትና ሄደች።

«ኧረ ቤተሰብ ደኅና ነው?» አለች ጅራፍ ሲመለሱ፤ እውነት ልቧ ተሰቅሎ ነበር። የሳሙናዎቹ አሰልጣኝ ከዳር «አንቺ፣ ልታጽናኚ ነው የመጣሽው?» ብሎ ጮኸባት።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሁለቱ ኳስ ሲናጠቁ የጅራፍ የቁምጣ ላስቲክ ተበጠሰ። ቁምጣዋን በሁለት እጇ ይዛ መሐል ሜዳ ቆመች። ሳሙናዎቹ ትርፍ ልብስ አልያዙም ነበር። ዳኛው ሰዓቱን ተመልክቶ ያለ ጅራፍ ይቀጥሉ ሊል ሲያስብ፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ሜዳ ሲገቡ አየ።

«እማማ! የኛ ልጅ እኮ አይደለችም!» ብሎ ደጋፊው ጮኸ።

«ቁምጣው የኔ ነው!» አሉ እናትየው ዞር ሳይሉ። «የኔ ስፌት ሰው ፊት ተበጥሶ አይቀርም።»

ቁንጫ አንገትጌዋን እስኪቀደድ ነከሰችው። እናትየው ተንበርክከው ላስቲኩን ይጎትታሉ፣ ይቋጥራሉ። ጅራፍ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ልጅዎ ምን ሆና ነው የማትናገረው?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ለማንኛውም አደራ አትቀስቅሺብኝ፤ ይልመድባት።»

ጨዋታው እኩል ሆኖ ወደ መጨረሻው ደረሰ። ቁንጫ ኳሱን ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትገባ ጅራፍና ሌሎች ሁለት ሳሙናዎች ከበቧት። ከዚያ ጫካ ውስጥ የሚታያት ክርንና ብብት ብቻ ነው። እህቷ የት እንዳለች አላየችም። ግን አንድ ትልቅ ትከሻ ከፍ ሲል ተሰማት፤ በግራ በኩል፣ አልጋቸው ላይ ግድግዳው ባለበት በኩል። ኳሱን በራሷ ላይ ወደ ኋላ ወረወረችው። ምሰሶ ስትገላበጥ ኳሱ እቅፏ ውስጥ ገብቶ አገኘችው። ለአፍታ እንደ ልማዷ የምትመልስለት ሰው ፈለገች። ከዚያ «አይ፣ አሁንስ የኔ ነው» ያለች ይመስል ተዘርግታ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ወረወረችው አይባልም፤ አስቀመጠችው።

ፊሽካው ሲነፋ ቁንጫ አንገትጌዋን ተፋች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰሙ ሁሉ ያስታውሳሉ፤ የዓመቱን ወሬ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ዳኛውን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀችው፣ ወዲያው ደግሞ ያኔ ጅራፍ ገፍታት እንደነበር አስረዳችው።

ከዚያ ዋንጫው ቤቱን አወቀ። ክሮች ደጋግመው ወሰዱት። እህቶቹ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጡና ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈሩ። የደረሱበት አገር የአየር ማረፊያው ሠራተኛ የቁንጫን ፓስፖርት አየ፣ እሷን አየ፣ ከመስኮቱ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንደገና አየና በአስተርጓሚው በኩል «የዚች ልጅ እናት የት አለች?» ብሎ ጠየቀ። ምሰሶ ከኋላ ቆማ ነበር። መንገዱ አድክሟታል፤ ክርክር ደግሞ ይብሱን ሊያቆማቸው ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ቁንጫ በዚያ ጉዞ ሁለት ጨዋታ አሸንፋለች፣ አንድ ተሸንፋለች፤ ሰው የሚያወራላት ግን ይህንን ነው።

ምሰሶ ኳሱን በክብር ነው ያቆመችው። አንድ ፍራሽ ነጋዴ አገባች። «አይታ መርጣ ነው» አሉ የሚያውቋት።

ቁንጫን ያስቆማት ግን ሌላ ነገር ነው። ስንት ክርን፣ ስንት ጉልበት ሾልካ ያለፈች ልጅ የተያዘችው ቤት ሲቀየር ነው። አዲሱ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። የእናቷን የስፌት መኪና ከነብረት እግሩ አባቷ ከላይ፣ እሷ ከታች ይዘው ደረጃውን ሲወጡ የአባትየው እጅ ላበው። መኪናው ጉልበቷ ላይ መጣ።

እናትየው ከላይ ሆነው «ወይኔ መኪናዬን!» አሉ።

አሁን ይህን ሲያነሱባቸው ይቆጣሉ። «ወይኔ ልጄን ነው ያልኩት» ይላሉ። ደረጃው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ወር መኪናውን አልነኩም። ልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው በእጃቸው ሲሰፉ ከረሙ፤ ድምፁ እንዳይረብሻት ነው ይሉ ነበር። ቁንጫ በተራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን በዝምታ አየቻቸው፤ በመርፌ ስተው የማያውቁት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ወጉ።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳና ጅራፍ ሙዝ ይዛ ገባች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች።

«ፋብሪካችሁ ወስዶኛል» አለች። «ቦታሽን ሊሰጡኝ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።»

ቁንጫ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«ሙዙን አስቀምጪና ሂጂ» አለች።

ጅራፍ አስቀመጠችና ሄደች። ቁንጫ ሙዙን አየችው። ከዚያ ላጠችና በላች፤ ሙዙ ምን አደረገ?

ወደ ፋብሪካው ስትመለስ ጉልበቷ አይታጠፍላትም ነበር። ክር መጠቅለያው አዳራሽ መሮጥ ስለማትችል መጋዘን አዛወሯት፤ የእህቷ የነበረው የጥጥ እስር ላይ ተደግፋ ትቆማለች። ሜዳ ላይ ደግሞ የትናንት ልጆች ያልፏታል። አሰልጣኙ ሊያሰናብታት ፈልጎ አፉ እምቢ አለው። እሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ መሮጥ አልችልም። ኳሱ ይሩጥ እንጂ፤ እሱ ጉልበት የለውም።»

እንዲህ ሆነ። መሐል ሜዳ ላይ ቆማ ኳሱን ታስሮጠዋለች። ከእሷ እጅ የሚወጣው ኳስ ጅራፍ ገና ልትደርስበት ያለው ቦታ ላይ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ጅራፍ አልገባትም፤ ኳሱ ስንት ጊዜ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ሁለቱ እንደ ጣውንት ነበር የሚተያዩት። አንድ ቀን በልምምድ መሐል ጅራፍ ተናዳ ኳሱን ጣለችው።

«ወዴት እንደምትወረውሪ ንገሪኛ! ስትለፈልፊ አልቻልኩሽ፣ ዝም ስትይ አልቻልኩሽ!»

«አንቺ ሁልጊዜ ከመሮጥሽ በፊት ከንፈርሽን በግራ ትነክሻለሽ» አለች ቁንጫ። «ስንት ዓመት ሙሉ አየሁሽ። ወደዚያ ነው የምወረውረው።»

ጅራፍ ከንፈሯን ነካች። እጇን ስታነሳ እየሳቀች ነበር።

በዚያ ዓመት ዋንጫውን ሳሙናዎቹን አሸንፈው ወሰዱ። ቁንጫ የተጫወተችው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው፤ ያም በቃ። ፋብሪካው ደስ ብሎት ቡድኑን ከነዋንጫው ጥጥ በሚጭነው መኪና ላይ አወጣና ከተማውን ዙሩ አለ። ጡሩምባው እየጮኸ፣ ጥጡ ከመኪናው ወለል እየተነሳ ፀጉራቸው ላይ እያረፈ ሁለት አደባባይ ዞሩ። ሦስተኛው ላይ መኪናው አጉረመረመ፣ አሳለና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ መጣ።

«ነዳጅ አልቋል» አለ። «የምታሸንፉ አልመሰለኝም ነበር።»

ሻምፒዮኖቹ ወረዱና ይገፉ ጀመር። ጅራፍ ከኋላ፣ አሰልጣኙ ከጎን፤ ምሰሶ ባሏን ከሕዝቡ መሐል ጎትታ አምጥታ ትከሻውን አስገባችው። አባትየውም አውቶቡሳቸውን ጥግ አስይዘው፣ ተሳፋሪዎቻቸው በመስኮት እያጨበጨቡላቸው፣ ከልጆቹ ጋር ገፉ። ጉልበት የሌላት ቁንጫ ብቻ ከሾፌሩ አጠገብ ዋንጫውን ታቅፋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ትመራለች።

«በቀኝ! በቀኝ እኮ ነው የምላችሁ! አባዬ፣ አንተ አትግፋ፣ ወገብህን! ጅራፍ፣ አየሁሽ፣ እያስመሰልሽ ነው!»

ማደያው ጋ ደረሱ። ነዳጅ ቀጂው ቧንቧውን ይዞ የላባቸውን ልጆች፣ ጥጥ የለበሰውን ፀጉራቸውን፣ የሚያብረቀርቀውን ዕቃ አየና ፈገግ አለ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?»

ማንም ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረውም። ቁንጫ በሩን ከፍታ፣ ጤነኛ እግሯን አስቀድማ፣ ዋንጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወረደች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሙላልን።»